ሽሽሽ፣ ህምምም፣ ጠቅ ጠቅ፦ መልቲትራክ ሪከርደር ላይ የሚገባ ኖይዝን ምንጩ ድረስ ሄዶ ማግኛ

እስቲ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራችሁ። ቤት ውስጥ በባለ 8 ትራክ ዲጂታል ሪከርደር (8 ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ መልቲትራክ መቅጃ) ክራርና ዘፈን ስቀዳ ሁለት ወር ሙሉ ከስር የማይለቅ ህምምም የሚል ድምፅ ነበር፣ ኬብል ቀየርኩ ያው ነው፣ ማይክ ተዋስኩ ያው ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ በሶፍትዌር ላጥፋው ስል ክራሩ ባልዲ ውስጥ የሚመታ መሰለ፣ በመጨረሻ እቃው ተበላሽቷል ብዬ ስንት ያወጣል እያልኩ ሰው መጠየቅ ጀምሬ ነበር። ከዛ አንድ ማታ እየቀዳሁ እያለ መብራት ጠፋ። ያን ቀን አዳፕተሩን ጓደኛዬ ወስዶት በድንጋይ ነበር የምሰራው፣ ሄድፎኑም ጆሮዬ ላይ ስለነበር ህምምምታው ከመብራቱ ጋር እኩል ቀጥ ሲል ሰማሁት። ጨለማው ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። መብራት ሲመጣ የቤቱን እቃ አንድ በአንድ ስነቅል የተያዘው ጥፋተኛ ከመጋረጃው ጀርባ የተቀመጠው የፍሪጅ ስታቢላይዘር ነው፣ እኔ ደሞ የክራሩን ኬብል ትርፉን ጠቅልዬ የማስቀምጠው እሱው ላይ ነበር!

እና ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዛ ማታ የመጣ ነው። ኖይዝ ሲያስቸግራችሁ አዲስ ኬብል፣ አዲስ ማይክ፣ አዲስ ፕለጊን ለመግዛት አትሩጡ፣ ንቀሉ። አንድ ነገር ንቀሉ፣ ስሙ፣ ሌላ ንቀሉ፣ ስሙ። ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሰራ አታውቁም፣ ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይሁን።

ፋይሉ ላይ አለ ወይስ ጆሯችሁ ላይ ብቻ?

ይሄን ሳያረጋግጥ ስንቱ ሰው ነው የሚደክመው። 1 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቅዱ፣ ከዛ ካርዱን አውጥታችሁ ፋይሉን ሌላ እቃ ላይ፣ ኮምፒውተር ወይ ስልክ ላይ ስሙት። እዛ ላይ ንጹህ ከሆነ ቀረጻችሁ ሰላም ነው፣ ችግሩ ያለው ሄድፎኑ ጋ ነው ማለት ነው። የሄድፎኑን ቮልዩም እስከ ጥግ ከፍታችሁ ጌኑን (የሚገባውን ድምፅ ማጉያ ቁልፍ) ዝቅ አድርጋችሁ ከሆነ የምትሰሙት የሄድፎን ማጉያውን ሽሽታ ነው። ሌላው ደሞ የስልክ ኢርፎን ነገር ነው፣ ማይክ ያለው የስልክ ኢርፎን ጃኩ ላይ 3 ጥቁር ቀለበት አለው፣ የሪከርደሩ መሰኪያ ግን ብዙ ጊዜ ባለ 2 ቀለበት ነው የሚፈልገው፣ በትክክል አይገጥምምና ይንጫጫል ወይ ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ይሆናል። ኖርማል ሄድፎን ሰክታችሁ ሞክሩ።

ስሙን ስጡት

ፋይሉም ላይ ካለ አይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፣ ምን አይነት እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ወፍራም ህምምም ከሆነ ከመብራት ነው። ቀጠን ያለ፣ የሚቆረጥም ዝዝዝ ከሆነ እሱም ከመብራት ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ከዲመር (የአምፖል ብርሃን መቀነሻ)፣ ከርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ ከቻርጀር፣ ከኢንቨርተር። ሽሽሽ ዝናብ የመሰለ ከሆነ ጌን ነው። ጠቅ ጠቅ ወይም ድምፁ ለአፍታ የሚቆረጥ ከሆነ ካርድ ወይም ዲጂታል ግንኙነት። ቲቲቲት ቲቲቲት ካለ ስልካችሁ ነው፣ ሌላ አትፈልጉ። የማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት ከሆነ ዩኤስቢ። ኬብል ስትነኩ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደግሞ ኬብሉ ወይ መሰኪያው፣ እሱን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም።

እቃውን ራቁቱን አስቀሩት

ሁሉንም ነገር ንቀሉ፣ ማይክ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ዩኤስቢ፣ አዳፕተር፣ ሁሉንም። ድንጋይ አስገቡ። ለምሳሌ ዙም አር16 የሚባለው ሪከርደር 6 ደብል ኤ ድንጋይ ነው የሚወስደው፣ የናንተው በድንጋይ የማይሰራ ከሆነ አዳፕተሩን ብቻ ሰክታችሁ ቀጥሉ። ሁሉም ጌን ዜሮ ላይ፣ ፋንተም ፓወር (ሪከርደሩ ለአንዳንድ ማይክ በኬብል የሚልከው ኤሌክትሪክ) ጠፍቶ፣ የውስጥ ኢፌክት በሙሉ ጠፍቶ። ኢፌክቱን አደራ! ብዙ ሪከርደር ውስጡ ኮምፕረሰር (ትልቁንና ትንሹን ድምፅ የሚያቀራርብ) እና የጊታር አምፕ ኢፌክት አለው፣ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የተረሳ ኢፌክት ጸጥታውን ራሱ ያጎላዋል፣ ኮምፕረሰር 10 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) ከጨመረ ከስር ያለው ሽሽታም 10 ዲቢ ነው የሚጨምረው።

አሁን 1 ደቂቃ ቅዱና ስሙ። ጸጥ ካለ ሪከርደሩ ደህና ነው፣ ከዚህ በኋላ የምትመልሱት እያንዳንዱ ነገር ተጠርጣሪ ነው። መጀመሪያ አዳፕተሩን መልሱ፣ ቅዱ። ከዛ አንድ ኬብል ማይክ ሳይኖረው። ከዛ ማይኩ። ከዛ ጌኑን ቀስ እያላችሁ። ኖይዙ የመጣበት ደረጃ ላይ ቁሙ፣ እሱ ነው። አዳፕተሩን ስትመልሱ ከመጣ አዳፕተሩ ራሱ ነው፣ በተለይ ኦሪጅናሉ ጠፍቶ ከገበያ የተገዛ ከሆነ ቮልቱን፣ አምፔሩን፣ የመሃሉ ፒን ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ሪከርደሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ፣ የተገለበጠ ከሆነ ኖይዝ ብቻ አይደለም እቃውን ራሱ ሊያቃጥለው ይችላል። በድንጋይም እየሰራ ህምምም ካለ ግን እንደኔ ነው፣ ኤሌክትሪኩ በሽቦ አልገባም፣ በአየር ነው የሚገባው፣ አጠገባችሁ ያለ ነገር ፈልጉ።

ህምምም፦ የመብራቱ ጉዳይ

እኛ አገር መብራቱ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ህምምምታው 50 ላይ ይጀምርና 100፣ 150 እያለ ይወጣል፣ ቲዩነር (የመሳሪያ ቅኝት ማስተካከያ) ካላችሁ ከወፍራሙ ጂ ትንሽ ከፍ ያለ ኖታ ላይ ታገኙታላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ 60 ኸርዝ ነው፣ ሳውዲም 60 ነው፣ ዱባይ፣ እስራኤልና አውሮፓ 50። ይሄን ያነሳሁት አንዳንዱ ሰው ከኢንተርኔት ላይ ያገኘውን 60 ኸርዝ ማጥፊያ ፊልተር አዲስ አበባ ላይ ጭኖ አልሰራም ስለሚል ነው።

አንደኛው ምክንያት ትራንስፎርመር ነው። ስታቢላይዘር፣ የድሮ ከባድ አዳፕተር፣ የጊታር አምፕ፣ ሁሉም ዙሪያቸውን መግነጢስ ይረጫሉ። መፍትሄው ርቀት ነው፣ በቃ። አንድ ሜትር ማራቅ ብቻ ተአምር ይሰራል። ኬብል ከመብራት ገመድ ጋር ጎን ለጎን አታስኪዱ፣ መገናኘታቸው ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይለፉ። ትርፍ ኬብል ጠቅልላችሁ የትም አትጣሉ (እኔን አይታችሁ ተማሩ)። ማይክ ላይ ሁለቱም ጫፉ ባለ 3 ፒን ኤክስ ኤል አር ኬብል ተጠቀሙ፣ እሱ ድምፁን በሁለት ሽቦ ነው የሚልከው፣ አንደኛው የተገለበጠ፣ መንገድ ላይ የገባው ኖይዝ ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚሆን ሪከርደሩ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። የጊታር ኬብል ይሄ የለውም፣ ስለዚህ አጭር ይሁን፣ ከ6 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ግራውንድ ሉፕ የሚባለው ነው፣ ይሄ ነው ሰውን የሚያሳብደው። ሪከርደሩ አንዱ ሶኬት ላይ፣ ሚክሰሩ ወይ ላፕቶፑ ሌላ ክፍል ያለ ሶኬት ላይ ሲሰካና ሁለቱ በድምፅ ኬብል ሲገናኙ ኧርዛቸው (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) በሁለት መንገድ ይገናኛል፣ በኬብሉ ሽፋን ላይ ትንሽ ከረንት ይዞራል፣ ያቺ ከረንት ህምምም ትላለች። ምርመራው ቀላል ነው፣ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ንቀሉት፣ ህምምምታው ከጠፋ አገኛችሁት። ሁሉንም እቃ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰብስቡ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ግራውንድ ሊፍት የሚል ማብሪያ ያለው ዲአይ ቦክስ (መሳሪያና ሪከርደር መሃል የሚገባ ትንሽ ሳጥን) ወይም መሃል ላይ የሚገባ የድምፅ ትራንስፎርመር ግዙ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ የኧርዙን ፒን አትቁረጡ፣ በቴፕ አትሸፍኑ። ህምምምታው ሊጠፋ ይችላል፣ ግን ያ ፒን እቃው ውስጡ ሲበላሽ ከረንቱ በናንተ እንዳይሄድ የተቀመጠ ነው፣ ጊታር ይዞ ማይክ በከንፈሩ ሲነካ የተያዘ ሰው ታሪኩን አይናገርም። እኛ ጋ ደሞ ጭራሽ ኧርዝ ያልተዘረጋላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ሶኬቱ ላይ ብረቱ አለ፣ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። የሪከርደሩን ወይ የሚክሰሩን ብረት ስትነኩ ስስ ንዝረት ከተሰማችሁ ጠርጥሩ። ኤሌክትሪሺያን አምጥታችሁ ኧርዝ አስቀብሩ፣ በራሳችሁ አትሞክሩት።

መብራት ሲጠፋ በኢንቨርተር የምትሰሩ፣ ርካሾቹ ኢንቨርተሮች የሚያወጡት ሞገድ ልስልስ አይደለም፣ ደረጃ ደረጃ ነው፣ ለአምፖልና ለቲቪ ምንም አይልም፣ ለቀረጻ ግን ዝዝዝ ነው። ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚል ካልሆነ በድንጋይ መቅዳት ይሻላል።

ሽሽሽ፦ የጌን ነገር

እዚህ ጋ እቃ አልተበላሸም፣ አቀዳዳችን ነው። ዳይናሚክ ማይክ ድምፁ በጣም ትንሽ ነው፣ ሹር ኤስኤም58 ለምሳሌ ጠንከር ያለ ድምፅ እንኳን ፊቱ ተደርጎለት ከ2 ሚሊቮልት በታች ነው የሚሰጠው። ዘፋኙ ከማይኩ ግማሽ ሜትር ርቆ ቆሞ በለሆሳስ ከዘፈነ እናንተ ጌኑን እስከ ጥግ ትወስዱታላችሁ፣ ያኔ የሪከርደሩ የራሱ ሽሽታ አብሮ ይመጣል። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ ወደ 6 ዲቢ በነጻ ታገኛላችሁ፣ ከ40 ሳንቲም ወደ 10 ሳንቲም ማለት 12 ዲቢ ነው፣ ያን ያህል ጌን ዝቅ ይላል ሽሽታውም አብሮ። ከገንዘብ በፊት እግር ይቅደም፣ ቀረብ በሉ።

ሜትሩ ላይ ትልቁ ድምፅ -12 አካባቢ እንዲደርስ አድርጉ። ድሮ በካሴት ጊዜ ቀይ ድረስ መግፋት ነበር፣ የቴፑ ሽሽታ እንዲዋጥ፣ ብዙ ሰው ያንን ልማድ ይዞ ዲጂታል ላይ መጣ። ዲጂታል ላይ ዜሮን ካለፋችሁ ይቆረጣል፣ ያ መሰነጣጠቅ ኋላ አይድንም። ሪከርደራችሁ 24 ቢት ካለው 24 ላይ አድርጉት፣ 16 ቢት በቲዎሪ 96 ዲቢ ነው ስፋቱ፣ 24 ቢት 144፣ ማንም እቃ 144ቱን በተግባር አይሰጥም ግን ዝቅ አድርጋችሁ ብትቀዱም ቢቱ አያሽሽባችሁም።

ኪቦርድ ስትሰኩ የኪቦርዱን ቮልዩም ወደ 80 ፐርሰንት ውሰዱትና ጌኑን ሪከርደሩ ላይ ቀንሱ። ብዙ ሰው ተገልብጦ ነው የሚሰራው፣ ኪቦርዱ 3 ላይ፣ ጌኑ ጥግ ላይ፣ ከዛ ኪቦርዱ ኖይዝ አለው ይላል። ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) የተገጠመለት ክራር ወይም ጊታር ሲሆን ደግሞ ሃይ ዚ የሚለውን ማብሪያ አብሩ፣ ፒክአፑ ወደ 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሆነ መግቢያ ነው የሚፈልገው፣ ላይን መግቢያው ግን ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ ኦም ምናምን ነው፣ እዛ ላይ ድምፁ ይታነቅና ይደክማል፣ እናንተ በጌን ልታስነሱት ስትሞክሩ የሚነሳው ሽሽታው ነው።

አሁን ደሞ የማይታሰበው፣ ባዶ ትራኮች። 8 ቻናል ክፍት ሆኖ የምትጠቀሙት 2 ብቻ ከሆነ የ6ቱ ሽሽታ ሚክሱ ውስጥ እየተደመረ ነው። እኩል ሽሽታ ያላቸው ትራኮች ቁጥራቸው በእጥፍ ባደገ ቁጥር 3 ዲቢ ይጨምራል፣ 8 ሲሆኑ 9 ዲቢ ማለት ነው። የማትጠቀሙበትን ዝጉ፣ ጌኑንም ዜሮ አድርጉ።

ጠቅ ጠቅ

ካርድ! 8 ትራክ በ24 ቢት በ44.1 ኪሎ ኸርዝ ስትቀዱ በሰከንድ 1 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚጻፈው፣ ክላስ 10 ካርድ ደሞ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ይጽፋል፣ ስለዚህ በሂሳብ ከተሄደ ችግር መኖር የለበትም። ችግሩ የገዛነው ካርድ ላዩ ላይ የተጻፈውን አለመሆኑ ነው፣ 32 ጂቢ ብሎ ውስጡ 4 የሆነ ስንቱን አየን። አዲስ ካርድ ስትገዙ እስከ ጥግ ፋይል ሙሉበትና መልሳችሁ ክፈቱት፣ መሃል ላይ የተበላሸ ፋይል ካለ መልሱለት። የቆዩ ሪከርደሮች ከ32 ጂቢ በላይ አይቀበሉም፣ ማኑዋሉን እዩ። እና ፎርማት የምታደርጉት ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ሪከርደሩ ራሱ ላይ ይሁን፣ ግን በፊት ያለውን ስራ ገልብጡ፣ በዚህ ያለቀሰ ሰው አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ።

ሁለት ዲጂታል እቃ በዲጂታል ኬብል ካገናኛችሁ አንደኛው ብቻ ነው ሰዓቱን መምራት ያለበት። ሁለቱም የየራሳቸውን ሰዓት ከቆጠሩ በየተወሰነ ሰከንዱ ጠቅ ይላል። አንዱን ኢንተርናል፣ ሌላውን ኤክስተርናል አድርጉ፣ ሳምፕል ሬቱም (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) እኩል ይሁን፣ አንዱ 44.1 አንዱ 48 ከሆነ ሰላም የለም። ሪከርደሩን እንደ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ከኮምፒውተር ጋር የምትጠቀሙ ከሆነ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያቆይበትን መጠን) ከ64 ወደ 256 ከፍ አድርጉት፣ ዋይፋይ አጥፉ፣ የማያስፈልግ ፕሮግራም ዝጉ።

ቲቲቲትና ፉጨት

ስልክ በ2ጂ ሲያወራ ሲግናሉን ያለማቋረጥ አይልክም፣ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እያበራ እያጠፋ ነው፣ ያንን ኬብሉ እንደ አንቴና ይይዘዋል። ሳይለንት ማድረግ አይበቃም፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት ወይ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የዘፋኙም ስልክ፣ የካቦርቱ ኪስ ውስጥ ያለውም ጭምር። ፉጨቱ ደግሞ ዩኤስቢ ስትሰኩ ከመጣና ስትነቅሉ ከጠፋ ነው፣ ዩኤስቢ በሰከንድ 1000 ወይም 8000 ጊዜ ስለሚላላክ ፉጨቱም 1000 ወይም 8000 ኸርዝ አካባቢ ይሰማል። በካርድ ቅዱና ዩኤስቢውን ለመገልበጥ ብቻ ሰኩት።

ኤሌክትሪክ ያልሆነ ኖይዝ

ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ለምትቀዱ ምንም ፊልተር የለኝም፣ ዝናቡ እስኪያባራ ቡና ጠጡ። ካልሆነ ግን ማይኩን ከመስኮቱ ጀርባውን አዙሩት፣ ካርዲዮይድ ማይክ ከጀርባው ያለውን ብዙም አይሰማም፣ ብርድ ልብስ ከዘፋኙ ጀርባ ስቀሉ።

አማርኛ ራሱ ማይክ ያስቸግራል። ፐ፣ በ፣ ፈ ንፋስ ይተፋሉ፣ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ ደግሞ ይፈነዳሉ፣ በተለይ ግጥም ሲነበብ። ከልብስ መስቀያ ሽቦ ቀለበት ሰርታችሁ ስቶኪንግ ወጥሩበት፣ ማይኩንም ፊት ለፊት ሳይሆን ከአፍ ጎን ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ 15 ሳንቲም አካባቢ አቁሙት። ፍንዳታው ላይ ስቶኪንጉ ብዙም አይረዳም፣ ሰያፉ ነው የሚረዳው።

እና አንድ ልጅ የበገና ቀረጻ አምጥቶልኝ ይሄን ዝዝዝታ አጥፋልኝ አለኝ። ወንድሜ፣ እሱ እኮ በገናው ነው! ክሩና ድልድዩ መሃል የምትገባው ቆዳ ሆን ተብላ ነው እንዲያ የምታደርገው። በገና ላይ እጃችሁን ሰብስቡ።

የቀረውን ማጽዳት

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ትንሽ ከቀረ ብቻ ነው ሶፍትዌር የሚከፈተው። እያንዳንዱን ትራክ ስትቀዱ መጀመሪያ ላይ 10 ሰከንድ ሁሉም በቦታው ሆኖ ማንም ሳይተነፍስ ይቀዳ፣ ኦዳሲቲ ላይ ያችን ቁራጭ መርጣችሁ የኖይዝ ፕሮፋይል ውሰዱ፣ ከዛ ትራኩን በሙሉ መርጣችሁ 6 ወይም 8 ዲቢ ብቻ ቀንሱ። 20 ካላችሁ ባልዲው ይመጣል። ዘፈን ላይ ከ80 ኸርዝ በታች በሃይ ፓስ (ወፍራሙን ድምፅ በሚቆርጥ ፊልተር) ቁረጡ፣ ህምምም ካለ 50፣ 100 እና 150 ላይ ቀጭን ኖች (አንዲት ጠባብ ቦታ ብቻ የሚቀንስ ፊልተር) ክፈቱ። ጌት (ድምፁ ሲያንስ ትራኩን የሚዘጋው) ላይ ተጠንቀቁ፣ ሽሽታው ከዘፋኙ ጋር እየገባ እየወጣ ከሆነ ዝም ብሎ ከስር ከሚሄደው የባሰ ጆሮ ይይዛል።

ሪከርደሩ ራሱ ቢሆንስ?

በድንጋይ፣ ምንም ሳይሰካ፣ ሁሉም ጌን ግማሽ ላይ አድርጋችሁ ሁሉንም ቻናል ቅዱ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በልጦ የሚያሽሽ ወይ የሚንጣጣ ከሆነ ቁጥሩን ያዙ። ቻናል 3 ነው እንበል፣ 3 ላይ የነበረውን ኬብል ከነማይኩ 4 ላይ ሰኩት፣ ኖይዙ ተከትሎ 4 ላይ ከሄደ ኬብሉ ወይ ማይኩ ነው፣ 3 ላይ ከቀረ ሪከርደሩ ነው። ያኔም ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፣ እቃውን አጥፍታችሁ ጃኩን 20 ጊዜ ያህል ስኩና ንቀሉ፣ ዝገት ከሆነ ይለቃል፣ ፌደሩና የጌን ቁልፉ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ኮንታክት ክሊነር ትንሽ ነፉበት፣ ሌላ ዘይት እንዳትነፉ። ካልሆነ ወደ ጠጋኝ ስትወስዱት የቀዳችሁትን ፋይል ይዛችሁ ሂዱና «ቻናል 3፣ በድንጋይ፣ ባዶውን፣ ጌን ግማሽ» በሉት፣ ዝም ብላችሁ «ይጮኻል» ካላችሁት ሙሉውን ፈትቶ ነው የሚያስከፍላችሁ።